ባለ ቫክዩም ድርብ ቱቦ፦ የነዳጅ ጉድጓድ ሲዘጋ ሙቀቱን ስንት ሰዓት ያቆያል?

ጥልቅ ባሕር ውስጥ ያለ የነዳጅ ጉድጓድ እየፈሰሰ ሳለ ሙቀቱ ብዙም አያስጨንቅም። ከታች የሚወጣው ዘይት ራሱ ትኩስ ስለሆነ መንገዱን እያሞቀ ይመጣል። ጣጣው የሚጀምረው ቫልቭ ሲዘጋ ነው፦ ማዕበል ሲመጣ፣ ኮምፕረሰር ሲበላሽ፣ ወይም የደኅንነት ሥርዓቱ ሁሉንም ሲዘጋ። ከዚያ በኋላ ከታች የሚመጣ አዲስ ሙቀት የለም። በቱቦው ውስጥ የቀረው ዘይትና ጋዝ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሆነ የባሕር ወለል ቅዝቃዜ ተከብቦ ይቀራል። ሰም የበዛበት ዘይት ከሆነ 35 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሰሙ መርጋት ሊጀምር ይችላል። ጋዝና ውሃ አብረው ካሉ ደግሞ፣ ግፊቱ 150 ወይም 200 ባር ሲሆን፣ 20 ዲግሪ ገደማ ላይ ሃይድሬት የሚባለው በረዶ መሰል ጠጣር ይሠራል። ሃይድሬት ቱቦን እንደ ቡሽ ይወትፋል፤ እሱን ማሟሟት የቀናት፣ አንዳንዴም የሳምንታት ሥራ ነው። በአንድ ወገን ብቻ ግፊቱን ቢያስተነፍሱት ተስፈንጥሮ የቱቦ መታጠፊያ ሊሰብር፣ ሰውም ሊገድል ይችላል።

እዚህ የምንገመግመው ለዚህ ችግር የሚሸጠውን ባለ ቫክዩም ድርብ ቱቦ ነው። ቫሉሬክ የተባለው የቱቦ አምራች ኩባንያ ቴርሞኬዝ በሚል ስም ይሸጠዋል፤ በቻይናም ብዙ ፋብሪካዎች ያመርቱታል። ግምገማችን የአንድ ፋብሪካን ምርት ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ የምርቱን ዓይነት ነው የምናየው። ሂዩስተን፣ አቡ ዳቢም ሆነ ሌላ ቦታ በዘርፉ የሚሠሩ አንባቢዎች ከሻጭ ጋር ሲቀመጡ የሚጠይቁትን እንዲያውቁ ነው የጻፍነው። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ዕቃው ጥሩ ነው። ሆኖም ብቻውን የተገዛ ድርብ ቱቦ ግማሽ ዕቃ ነው፤ ከመገጣጠሚያው መከላከያና ከአኑለሱ (በቱቦውና ጉድጓዱን በሚደግፈው የብረት ቱቦ፣ በኬሲንጉ፣ መካከል ካለው ክፍተት) ጄል ጋር ካልተገዛ ካታሎጉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይሰጥም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ ይገባል፤ ሁለቱም ጫፎች ላይ እርስ በርስ ይበየዳሉ፤ በመካከላቸው ያለው አየር ይመጠጣል። አየር ከሌለ ሙቀት በኮንደክሽንም (በንክኪ) በኮንቬክሽንም (በአየር ዝውውር) የሚሻገርበት መንገድ እጅግ ይጠባል። የሚቀረው ሬዲዬሽን (ጨረር) ነው። እሱን ለመመለስ ውስጠኛው ቱቦ ላይ የአሉሚኒየም ፎይልና የፋይበርግላስ ንጣፍ እየተፈራረቀ ይጠቀለላል። ክፍተቱ ውስጥ ደግሞ ጌተር የሚባል፣ ብዙውን ጊዜ ከዚርኮኒየም ቅይጥ የሚሠራ፣ ሾልኮ የገባ ጋዝን የሚመጥ ነገር ይቀመጣል። ጥራቱ የሚለካው በሙቀት አስተላላፊነቱ ነው፤ ባለሙያዎች በአጭሩ ኬ ይሉታል፤ መለኪያው ዋት በሜትር በዲግሪ ነው። በቻይናው የኢንዱስትሪ መለኪያ ኤስዋይ/ቲ 5324 መሠረት ዲ የሚባለው ደረጃ ከ0.02 እስከ 0.006 ያለው ነው፤ ኢ የሚባለው ከዚያም ያነሰ።

እነዚህ ቁጥሮች በሰዓት ሲመነዘሩ ምን ማለት እንደሆኑ አንድ ሜትር ቱቦ ላይ እናስላ። ውስጠኛው ቱቦ ባለ 4½ ኢንች ሆኖ ውስጡ 100 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው እንበል፤ ውጨኛው ባለ 5½ ኢንች ነው። በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በአንድ ሜትር ውስጥ 6.3 ኪሎ ያህል ዘይት ይኖራል፤ በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 13 ኪሎ ጁል ይለቃል። የውስጠኛው ቱቦ ብረት 19 ኪሎ ገደማ ነው፤ እሱም 9 ኪሎ ጁል ይለቃል። በድምሩ 22 ኪሎ ጁል ሆነ። ኬው 0.02 ከሆነ በዚያች ሜትር የሚያመልጠው ሙቀት በአንድ ዲግሪ ልዩነት 1.5 ዋት ያህል ነው። ሲዘጋ 60 ዲግሪ የነበረ ዘይት፣ የውጨኛው ግድግዳ 4 ዲግሪ ላይ ቢቆም፣ ሃይድሬት ወደሚሠራበት 20 ዲግሪ ለመውረድ 5 ሰዓት ይወስድበታል። ኬው 0.006 ከሆነ 17 ሰዓት ያህል ይቆያል። ቫክዩሙ ተበላሽቶ ኬው 0.06 ከደረሰ ግን 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ሻጩ «ኬው ዝቅተኛ ነው» ሲል ዝም ብሎ መቀበል አይገባም፤ በ0.02 እና በ0.006 መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሙሉ የሥራ ፈረቃ ነው።

ይህ ስሌት ግን ቱቦው ዘይት እንደሞላው ይቆጥራል፤ ጉድጓድ ሲዘጋ እንዲያ አይሆንም። ፍሰቱ እንደቆመ ፈሳሹ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጋዙ ወደ ላይ ይወጣል፤ የጉድጓዱ የላይኛው ክፍል፣ ማለትም በጣም ቀዝቃዛው ክፍል፣ ጋዝ ይሞላዋል። ጋዝ ደግሞ ሙቀት የመያዝ አቅሙ ትንሽ ነው፤ በ200 ባር እንኳ አንድ ሜትር ቱቦ ውስጥ ያለው ጋዝ 3 ኪሎ ጁል ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው። ያኔ ብረቱ ከጋዙ ሦስት እጥፍ ሙቀት ይይዛል ማለት ነው። ያው 0.02 ያለው ቱቦ ከ5 ሰዓት ወደ 3 ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ይወርዳል። የማቀዝቀዣ ጊዜ ስሌት ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህ ይሁን፦ «የላይኛው 500 ሜትር በምን ተሞልቶ ነው የተሰላው?»

ስለ ስሌት ካነሳን አይቀር፣ ሬሚ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጣው የጉድጓድ ሙቀት ማስያ ቀመር ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ኤክሴል ውስጥ አለ፤ ለሚፈስ ጉድጓድም ጥሩ አድርጎ ይሠራል። ሆኖም ቀመሩ ጉድጓዱን እንደ ቀጭን መስመር ስለሚቆጥር አስተማማኝ የሚሆነው ፍሰቱ ቀናት ካስቆጠረ በኋላ ነው። ከተዘጋ በኋላ ላሉት የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በእሱ መመካት ስህተት ነው። ለዚያ እንደ ኦልጋ ያለ በጊዜ እየከፋፈለ የሚያሰላ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ የኬሲንጉ፣ የሲሚንቶውና የአለቱ ሙቀት አንድ በአንድ ገብቶለት።

አሁን ሻጮች ብዙም የማያነሱት ነጥብ ላይ ደርሰናል። ተራ ቱቦ ያለው ጉድጓድ በሚፈስበት ጊዜ ሙቀቱን ወደ ውጭ ይበትናል፤ ይህ በአንድ በኩል ኪሳራ ነው። በሌላ በኩል ግን አኑለሱን፣ ማለትም በቱቦውና በኬሲንጉ መካከል ያለውን ጨዋማ ውሃ፣ ከዚያም ሲሚንቶውንና አለቱን ያሞቃል። በ9⅝ ኢንች ኬሲንግና በ4½ ኢንች ቱቦ መካከል ያለው ጨዋማ ውሃ በሜትር በዲግሪ 110 ኪሎ ጁል ያህል ይይዛል፤ ቀደም ብለን ከቆጠርነው ዘይትና ብረት አምስት እጥፍ ነው። ጉድጓዱ ሲዘጋ ይህ ሁሉ ሙቀት ቱቦውን ደግፎ ያቆየዋል። ድርብ ቱቦ ሲገባ አኑለሱ ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቀራል፤ አለቱም አይሞቅም። ዘይቱ የሚቀዘቅዝበትን ጉዞ ከፍ ካለ ሙቀት ይጀምራል፤ ያለው ግን የራሱ ሙቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ለአጭር መዘጋት ድርብ ቱቦ ያሸንፋል፤ መዘጋቱ ቀን አልፎ ከሄደ ግን ልዩነቱ ይጠፋል፤ ሁለቱም ዓይነት ጉድጓድ ሃይድሬት እንዳይሠራ የሚከላከለውን ሜታኖል የተባለ አልኮል ይፈልጋል። ለረጅም መዘጋት ዋስትና ነው ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ።

ትልቁ ድክመቱ መገጣጠሚያው ነው። አንዱ ቱቦ 12 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፤ በየጫፉ ብየዳውና መጠምዘዣ ጥርሱ ያለበት ቦታ ቫክዩም የለውም። ሁለት ቱቦ ሲገናኝ ግማሽ ሜትር ያህል ባዶ ብረት ይፈጠራል። አኑለሱ ውስጥ ያለው ጨዋማ ውሃ እንደ ልቡ የሚዞር ከሆነ በዚያ ግማሽ ሜትር በኩል በሜትር በዲግሪ 20 ዋት ያህል ሊወጣ ይችላል። ከ12 ሜትሩ አራት በመቶ ብቻ የሆነው ቦታ ከጠቅላላው ሙቀት ሲሶውን ያስወጣል ማለት ነው። ይህ ብቻ አይደለም፤ በመገጣጠሚያው የሞቀው ውሃ በአኑለሱ ወደ ላይ ይወጣል፤ በኬሲንጉ በኩል ቀዝቅዞ ይወርዳል፤ እንዲህ እየዞረ ጠቅላላውን የቱቦ ርዝመት ያቀዘቅዛል።

ይህን በተግባር ያሳየው የማርሊን ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ ወደ 1,000 ሜትር በሚጠጋ ውሃ ላይ ባለው የማርሊን መድረክ፣ ኤ-2 የተባለው ጉድጓድ ማምረት በጀመረ በሰዓታት ውስጥ ተበላሸ። ምርመራው ያተኮረው አኑለስ ውስጥ ታሽጎ የቀረ ፈሳሽ ሲሞቅ በሚፈጥረው ግፊት ላይ ነበር። ጉድጓዶቹ እንደገና ሲነደፉ አኑለሱ እንዳይሞቅ ድርብ ቱቦ ገባ፤ የሙቀት መለኪያም አብሮ ተገጠመ። ልኬቱ ያሳየው የሙቀቱ ብክነት ከታሰበው በላይ መሆኑን ነው፤ ምክንያቱም መገጣጠሚያውና የአኑለሱ ዝውውር ነበር። ዘርፉ ጄልን የግድ ነው ማለት የጀመረው ከዚህ ዓይነት ልምድ በኋላ ነው።

ጄሉ ወፍራም የፖሊመር ፈሳሽ ነው፤ በውሃ ወይም በግላይኮል ይሠራል። ሥራው አኑለሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንዳይዞር ማድረግ ነው። በግላይኮል የተሠራው በራሱም ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም፤ ኬው 0.3 አካባቢ ነው። ቀደም ባለው ስሌት ላይ ጄል ብንጨምር በመገጣጠሚያው የሚወጣው ከሲሶ ወደ 15 በመቶ ገደማ ይወርዳል። የማቀዝቀዣ ጊዜውም ይረዝማል፤ የቱቦው አካል ራሱ ከውጭ ሌላ መከላከያ አገኘና። ከዚህ በተጨማሪ ሁለቱን ቱቦ በሚያገናኘው ኮፕሊንግ ውስጥ የሚገባ የፕላስቲክ ቀለበትና ከላይ የሚለበስ የጎማ ሽፋን አለ። ቀለበቱ ርካሽ ነው፤ ሆኖም በመሣሪያ ገመድ የሚወርድ ዕቃ ሊያነሳው ስለሚችል ልኩ ከቱቦው ውስጠኛ ስፋት ጋር መመሳከር አለበት።

ጄል ላይ የሚፈጸመው የተለመደ ጥፋት በማስገባት ሰዓት ነው። አኑለሱን ከታች የሚያሽገው ፓከር ከመቀመጡ በፊት ጨዋማው ውሃ በጄል ይተካል፤ መካከሉ ላይ በቂ መለያ ፈሳሽ ካልተላከ ሁለቱ ይቀላቀላሉ፤ የተቀላቀለው ጄል ይቀጥናል፤ የቀጠነውም ይዞራል። ሌላው ጥፋት ሙቀት የማይችል ፖሊመር መምረጥ ነው፤ ከወራት በኋላ ተሰባብሮ ተራ ውሃ ሆኖ ይገኛል። ጄሉ ለስንት ዲግሪ፣ ለስንት ወር እንደተፈተነ በጽሑፍ ይጠየቅ። ደግሞም ቱቦውን ለጥገና ከጉድጓዱ ማውጣት የሚያስፈልግበት ቀን ቢመጣ ጄሉን ማስወጣት ቀላል አይደለም፤ ፓምፑ ከፍ ባለ ግፊት መጀመር ስላለበት የኬሲንጉ አቅም አስቀድሞ ይሰላ።

ቫክዩሙን የሚገድለው ሃይድሮጅን ነው። ጨዋማው ውሃ የውጨኛውን ቱቦ ሲያዝገው ሃይድሮጅን ይፈጠራል፤ ይህ ትንሹ አተም በብረቱ ውስጥ አልፎ ወደ ክፍተቱ ይገባል። ሃይድሮጅን ከጋዞች ሁሉ ሙቀት አስተላላፊ ነው። ጌተሩ የተወሰነውን ይመጣል፤ ሲጠግብ ግን ኬው ማሻቀብ ይጀምራል። ምልክቱ ከውጭ አይታይም፤ የሚታወቀው ጉድጓዱ ሲዘጋ ከበፊቱ ቀድሞ ሲቀዘቅዝ ነው። መከላከያው የአኑለሱን ፈሳሽ ከኦክስጅን ማጽዳት፣ ፒኤቹን ከፍ አድርጎ መያዝና የዝገት መከላከያ መጨመር ነው። ፋይበር ኦፕቲክ ገመድ አብሮ ከወረደ በየ12 ሜትሩ የመገጣጠሚያው ሙቀት እንደ ጥርስ ተደርድሮ ስክሪን ላይ ይታያል፤ ቫክዩሙ የሞተ ቱቦ ካለ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ያለው ሸለቆ ይሞላል። ያንኑ ፋይበር ግን ሃይድሮጅን ያጠቁረዋል፤ ስለዚህ ሃይድሮጅን የሚከላከል ልባስ ያለው ፋይበር ይመረጥ።

ብየዳው ሌላው የሚታይ ነገር ነው። ሲፈስ ውስጠኛው ቱቦ ይሞቃል፣ ውጨኛው ቀዝቃዛ ነው። በመካከላቸው 60 ዲግሪ ልዩነት ካለ ውስጠኛው በ12 ሜትር ላይ ወደ 9 ሚሊ ሜትር መርዘም ይፈልጋል፤ ብየዳው ግን ይዞታል። ሲዘጋ ኃይሉ ይለቃል፤ ሲከፈት እንደገና ይመጣል። ጥሩ ፋብሪካ ውስጠኛውን ቱቦ አስቀድሞ ለጥጦ ነው የሚበይደው፤ ሲሞቅ ያ ልጠጣ ይቃለላል። ይህን የማያደርግ ፋብሪካ ካለ አትግዙ፤ በተለይ ጉድጓዳችሁ በዓመት ደጋግሞ የሚዘጋና የሚከፈት ከሆነ።

ክብደቱም ቀላል አይደለም። ተራው ባለ 4½ ኢንች ቱቦ በሜትር 19 ኪሎ ገደማ ሲሆን ድርቡ 44 ኪሎ ይደርሳል፤ በ1,000 ሜትር ላይ ልዩነቱ 25 ቶን ነው። ዋጋውም በሜትር የተራው ቱቦ ብዙ እጥፍ ስለሆነ ጉድጓዱን በሙሉ በእሱ መሙላት ገንዘብ መድፋት ነው። እስከ የት ድረስ እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ቀላል ስሌት አለ። የባሕሩ ወለል 4 ዲግሪ ቢሆንና አለቱ በኪሎ ሜትር 30 ዲግሪ ቢጨምር፣ ከወለሉ 530 ሜትር ያህል ወረድ ሲሉ አለቱ ራሱ 20 ዲግሪ ነው፤ ጉድጓዱ ለወር ቢዘጋ እንኳ ከዚያ በታች ሃይድሬት አይሠራም። በጉድጓዱ ውስጥ ያለው የደኅንነት ቫልቭም ከዚህ ጥልቀት በታች መቀመጥ አለበት። ሰሙ በ35 ዲግሪ የሚረጋ ከሆነ ደግሞ ስሌቱ ወደ 1,030 ሜትር ይወስዳል፤ ይህም 86 ያህል ቱቦ ነው።

የሰዓቱ ጥቅም የሚታየው በመዘጋት ዕቅድ ውስጥ ነው። የማቀዝቀዣ ጊዜው 5 ሰዓት ከሆነ ሁሉም ለጥገና አይሰጥም። የመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ጉድጓዱን ሳይነኩ ብልሽቱ የሚታይባቸው ናቸው፤ የቀሩት 2 ሰዓታት ለሜታኖል ይቆያሉ። ምክንያቱ የፓምፕ ነው፦ አንድ ፓምፕ ለ6 ጉድጓድ በየተራ 20 ደቂቃ ከሰጠ 2 ሰዓት አለቀ። ሦስተኛው ሰዓት ላይ «ትንሽ ይቀረናል፣ ልንከፍተው ነው» ብሎ ሜታኖሉን የሚያዘገይ የፈረቃ ኃላፊ ስድስተኛውን ጉድጓድ አደጋ ላይ ይጥላል። እንደገና ሲከፈት ግን ድርብ ቱቦ ትልቅ ውለታ ይሠራል፤ አለቱንና ውሃውን ማሞቅ ስለማይጠበቅበት ዘይቱ ፈጥኖ ከሃይድሬት መስመር በላይ ይወጣል፤ ሜታኖሉም ቶሎ ይቆማል። በእኛ አመለካከት ደጋግሞ ለሚዘጋ ጉድጓድ የዕቃው ዋነኛ ዋጋ ይህ ነው።

ሌላ አማራጭስ? ጄል ብቻውን በተራ ቱቦ ላይ ከድርብ ቱቦ በእጅጉ ይረክሳል፤ የምርት መጠኑ ትልቅ ለሆነ፣ ለሚሞቅ ጉድጓድ ይበቃል። ዝቅተኛ ግፊት ያለው ናይትሮጅን አኑለስ ውስጥ መሙላትም ይሠራል፤ ግፊቱ ሲጨምር ግን ናይትሮጅኑ ይዞራል፣ መከላከያነቱም ይቀንሳል። በአላስካ ፕሩዶ ቤይ ነገሩ ይገለበጣል፦ እዚያ ድርብ ቱቦ የሚፈለገው የቀዘቀዘው መሬት እንዳይቀልጥ ነው፤ ጉድጓዱ ለረጅም ጊዜ ሲዘጋ የቀለጠው መሬት ተመልሶ እየቀዘቀዘ ኬሲንጉን ይጨምቃል፤ አኑለሱ ውስጥም የሚቀዘቅዝ ውሃ መተው አይቻልም።

በኦጋዴን ላሉት የካሉብና የሂላላ የጋዝ ጉድጓዶች ግን ይህን ዕቃ አንመክርም። እዚያ የመሬቱ ሙቀት ራሱ ሃይድሬት ከሚሠራበት በላይ ስለሚውል የተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ቱቦው ያን ያህል አይወርድም። ሃይድሬት ሊያሰጋ የሚችለው ጋዙ ግፊቱ በድንገት ሲወርድ በሚቀዘቅዝበት፣ ፍሰቱን በሚያጠበው ቫልቭ በቾኩ ላይ ነው፤ ለእሱ የቾክ ማሞቂያና የሜታኖል መርፌ ይበቃል።

ለመግዛት የወሰነ ሰው ውሉ ላይ እያንዳንዱ ቱቦ በየቁጥሩ የተለካ ኬ እንዲኖረው ይጻፍ፤ አብረው የተመረቱት ሁሉ አማካይ አይበቃም። ልኬቱ ውስጡ እየሞቀ፣ ከውጭ ቴርሞኮፕል የተባለው የሙቀት መለኪያ ተለጥፎ የተደረገ ይሁን፤ መገጣጠሚያውን ጨምሮ የተለካ ቢሆን ደግሞ ይበልጣል። ሪጉ (የቁፋሮ መድረኩ) ላይ ሲደርስ ውስጡ ሞቅ ያለ አየር እየተላከ በኢንፍራሬድ ካሜራ ይታይ፤ ቫክዩሙ የሞተው ቱቦ ወዲያው ከሌሎቹ ተለይቶ ሞቆ ይታያል። ውጨኛው ግድግዳ ላይ የመያዣ ጥርስ የቧጨረው ቱቦ አይውረድ። ቱቦዎቹ በቅደም ተከተል የሚወርዱበት የቁጥር ዝርዝር ሲዘጋጅም ዝቅተኛ ኬ ያላቸው ከባሕሩ ወለል አጠገብ፣ ደካሞቹ ደግሞ አለቱ ሞቅ ወደሚልበት ወደ ታችኛው ጫፍ ይመደቡ።